በገዛ እጃችን ስላፈረስነው ግድግዳ

ውዴ ሰይድ፣

ከተለያየን ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ቃል አጥቼ አይደለም፤ የምነግርህ ነገር ገና ያልደረሰልኝ መስሎኝ ነው። በቀብርህ ዕለት የአገርህ ልጆች ዱዓ ሲያደርጉልህ፣ የእኔ ወገኖች ነፍስ ይማር ሲሉህ፣ እኔ በመካከል ቆሜ ለራሴ አንድ ቃል ገባሁ፦ የጀመርከውን ሥራ እንዳልዘጋው፣ ዘግቼም የይቅርታ ደብዳቤ እንዳልጽፍልህ። ይህ ደብዳቤ የድል ነው። ድሉ ግን የመጣው በእኔ ጥፋት በኩል ስለሆነ ሁለቱንም እንደ ቅደም ተከተላቸው ልነግርህ ይገባኛል።

በአማርኛ ስጽፍልህ አትደነቅ። ያለቀስኩህ በትግርኛ ነው፤ ለቅሶ በእናት ቋንቋ ይመጣልና። የተጋባነው፣ የተጨቃጨቅነው፣ ልጃችንን ሐያትን ፊደል ያስቆጠርናት ግን በአማርኛ ስለነበር ከአንተ ጋር የማወራበት ሌላ ቋንቋ የለኝም። መቐለ ሠላሳ ዓመት ኖረህ ትግርኛህ ከወሎ ዜማው አልላቀቅ ማለቱ፣ አሸዋ የሚያመጡልህን ሰዎች ያስቅ የነበረው አነጋገርህ፣ ዛሬም በሰፈራችን በሰሜን ክፍለ ከተማ ይወራል። ድምፅህን እያስመሰሉ ይጫወታሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ቤታችን ደኅና ነው። ሐያት የፋርማሲ ትምህርቷን ጨርሳ ውቅሮ ተድራለች። ባሏ ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ትዕግሥት እንደሚያስፈልገውም አንተ ታውቃለህ። በሰርጓ ዕለት በአንተ ቦታ የቆመው አያ ሐጎስ ነበር፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፎርማንህ ለነበረ ሰው ከዚያ ያነሰ ክብር አይገባም ብዬ እኔው ለመንኩት። የጓሮውን አሮጌ ሮቶ ቀይረነዋል፤ ከዓይናለም የሚመጣው ውኃ ግን አሁንም በተራ ነው። ነጯን ፒክአፕ የምነዳት እኔ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ከብሎኬት ማምረቻችን ፊት የሚቆሙት የጭነት መኪና ሾፌሮች ከሩቅ ሲያዩኝ «ክብርት መጡ፤ ወደ ኋላ በሉ» ይባባላሉ። ለዳኝነቴ ክብር ሰጥተው እንዳይመስልህ፤ ለመኪናቸው ፈርተው ነው።

አንተ ስትለየን እኔ ከዳኝነት ወንበር ከወረድኩ መንፈቅ አልሞላኝም ነበር። ስለ ብሎኬት የማውቀው ከሸሚዝህ ላይ የማራግፈውን ሲሚንቶ ብቻ ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁም። ያም ሆኖ የግቢህን ሥርዓት ለዓመታት ታዝቤአለሁ። ደንበኛ ሲመጣ አንተ መርጠህ አትሰጠውም ነበር። «ከፈለግኸው መደዳ፣ ከመካከል፣ አንዱን አንሣና ከወገብህ ልቀቀው» ትለው ነበር። ብሎኬቱ ከተሰበረ ያ መደዳ በሙሉ ለመሙያ ይፈጫል እንጂ አይሸጥም። ሰባት ቀን ውኃ ጠጥቶ ሌላ ሰባት ቀን ያላረፈ ብሎኬት ከግቢህ አይወጣም፤ የተመረተበት ቀን በየመደዳው ጫፍ በጠመኔ ይጻፋል። የአገርህ ልጆች «ዕቃውን እየሰበረ የሚሸጥ ነጋዴ ከሰይድ በቀር አላየንም» እያሉ ያሾፉብህ ነበር።

መንገዱ ተዘግቶ፣ ሲሚንቶ ጠፍቶ፣ ማሽኑ ዝም ባለባቸው ዓመታት እንኳ ጠዋት ጠዋት እየሄድህ ግቢውን ትጠርግ፣ የማሽኑን ቅርጽ ማውጫ በዘይት ታብስ ነበር። አያ ሐጎስ በሩ ላይ ተቀምጦ «አንተ ሰይድ፣ አቧራውንም በመደዳ ደርድረውና ቀን ጻፍበት እንጂ» ይልሃል። እኔም አንድ ቀን ተናድጄ ለማን እንደምትጠርግ ስጠይቅህ «ለሚመጣው ሥራ» አልከኝ። ሥራው በመጣ ጊዜ በአካባቢው የማንም ማሽን ዝገቱ እስኪፋቅ ሲጠብቅ ያንተ በዚያው ሳምንት ተነሣ። ያኔ ዕድለኛ ነህ አልኩህ። እንደተሳሳትኩ አሁን ይገባኛል።

የማይገባኝ የነበረው ሌላው ነገር ሻይህ ነው። ክፉ ወሬ ቀድሞ ያመጣልህን ሠራተኛ፣ ወሬው የተሰነጠቀ ምርት ይሁን የተበላሸ ማሽን፣ ራስህ በር ላይ ወዳለችው ሻይ ቤት ወስደህ ትጋብዘው ነበር። ጥፋቱ የራሱ የሠራተኛው ቢሆን እንኳ መጀመሪያ ሻዩን ይጠጣል፤ ቁጣ ካለ ከሻዩ በኋላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሻዩ በኋላ ቁጣ አይተርፍህም ነበር። እኔ ይህን የዋህነት እለው ነበር። ጥፋተኛ የሚጋበዝበት ግቢ ምን ሥርዓት ይኖረዋል እያልኩ በልቤ እፈርድብህ ነበር።

እናም ግቢው በእጄ ሲገባ ሻዩን ሳላስበው ዘጋሁት። ጥሩ ጠረጴዛና አንድ ወንበር አስገባሁ፤ ወንበሩ የእኔ ነው፤ ሠራተኛው ቆሞ ይናገራል። ሰው በፊቴ ቆሞ ሲናገር ነው ዕድሜዬን የኖርኩት። ሠራተኞቹ ቢሮዬን «ችሎት» ብለው እንደሰየሙት የሰማሁት ቆይቶ ነው። ከችሎት ያመጣሁት ሌላም ነገር ነበር፤ ቀጠሮ። በእኔ ዘንድ ቀጠሮ ማለት የሰው ክብር ነው፤ የማይዛነፍ፣ የማይለመን። ግቢው ውስጥ ቀጠሮ የምሰጠው እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ለብሎኬት ግን ቀጠሮ የሚሰጠው ውኃ ነው፤ ይህን የነገረኝ አልነበረም፤ ወይም የሚነግረኝን ሰው ቆመህ ተናገር ብዬው ነበር።

ባለፈው በጋ የመጀመሪያው ትልቅ ትዕዛዝ መጣልን። ወደ ቁሓ በሚወስደው መንገድ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ልጆቹን በፈረቃ ማስተማር ስለሰለቸው ወላጆች አዋጥተው ተጨማሪ ክፍሎች ሊሠሩ ተነሡ። የወላጆች ኮሚቴው ሊቀ መንበር መምህር ካሕሳይ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ብሎኬት መርጠው እንዲጥሉ ስጋብዛቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው «የክብርትን ብሎኬት መጣል ዳኛን መጠራጠር ነው» አሉኝ። ሰይድ ሆይ፣ ደስ አለኝ። ስሜ ከፈተናው በልጦ ተገኘ ብዬ ኮራሁ። ያን ዕለት የመጣል ልማድህንም በገዛ ኩራቴ ዘጋሁት።

ክረምት ሳይገባ እንዲደርስላቸው ቀን ቈርጬ ፈረምኩ። ወዲያው የውኃ ተራችን ተዛባ፤ ቦቴ ብንጠራም ባሰብነው ቀን አይመጣም። አያ ሐጎስ አንድ ቀን ከቢሮዬ በር ላይ ቆመ። ምን ሊል እንደመጣ ሳልጠይቀው፣ ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሣ «አያ ሐጎስ፣ ቀጠሮ ቀጠሮ ነው» አልኩት። «ሕራይ» ብሎ፣ እሺ ማለቱ ነው፣ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ማንም አላየውም። በቂ ውኃ ባልጠጡት መደዳዎች ላይ ያለውን ቀን አጥፍቶ የቀደመ ቀን ጻፈባቸው። ብሎኬቱ በተባለው ዕለት ተጭኖ ሄደ። እኔም መኪኖቹ ሲወጡ በሩ ላይ ቆሜ ሸኘኋቸው።

የሁለት ክፍሎች ግድግዳ ቆሞ ጣሪያ ሊጫን ሲል ብሎኬቱን ውኃ የምታጠጣው ትርሓስ ወደ ቢሮዬ ገባች። እንደ ሁሉም ቆመች። «ክብርት፣ እኔ ያላጠጣሁት ብሎኬት ሄዷል» አለችኝ። ቀኑ ተጽፎ የለም ወይ ስላት «ጠመኔው የሚለውን አላውቅም፤ የእኔ ጀርባ ግን የተሸከመውን ባልዲ ያውቃል» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ከሥራ ካስወጡኝም ያስወጡኝ። የእህቴ ልጅ እዚያ ትማራለች። ጋሽ ሰይድ ቢሆኑ ኖሮ በዕለቱ ነበር የምነግራቸው፤ እርስዎን ፈራሁ።»

በሃያ ዓመት ዳኝነቴ ከዚህ የከበደ የምስክር ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ከመደዳው ከቀሩት አንዱን አንሥቼ ከወገቤ ለቀቅሁት። እንደ ደረቅ ዳቦ ተበተነ። አያ ሐጎስን ስጠራው አልካደም፤ ባርኔጣውን አውልቆ «ቀኑን እኔ ነኝ የጻፍኩት። የሰይድ ሚስት ገና በመጀመሪያው ቃሏን አጠፈች ሲሉ ከምሰማ ብዬ ነው» አለኝ። ለእኔ ስም ብሎ የአንተን ስም ነው ያጠፋው፤ እሱም ያውቀዋል፤ ፊቱ ይናገር ነበር።

ያን ከሰዓት በኋላ ፒክአፗ ውስጥ ሞተሩን ሳላስነሣ ረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። የተከሰስኩበት ነገር የለም። አቤት ያለ ወላጅ፣ የመረመረ ባለሙያ የለም። ግድግዳው ሲለሰን ማንም አያውቅም፤ ምናልባትም ለብዙ ዓመት ይቆማል። በሌላ በኩል ጥፋታችንን አውጥቼ ከተናገርኩ የሠላሳ ዓመት ስምህ በእኔ አፍ ይወድቃል፤ ከግቢው እንጀራ የሚበሉት ሰዎች ሁሉ ሥራ ፈት ሊሆኑ ይችላሉ። «ምናልባት» የሚለውን ቃል ስንት ጠበቃ በፊቴ ተደግፎት እንደነበር አስታወስኩ። አሁን እኔ ነበርኩ የተደገፍኩት። ከሳሽ በሌለበት ችሎት ተቀምጬ አላውቅም ነበርና ፍርዱ ጊዜ ወሰደብኝ። ሲወሰን ግን ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት አግዳሚ ወንበሮቹን ወደ ግቢው አስወጥቼ ሠራተኛውን ሁሉ አስቀመጥኩ። እነሱ ተቀምጠው እኔ ቆምኩ። ጠመኔውን የያዘው የሐጎስ እጅ ቢሆንም ያስያዘው የእኔ ቀጠሮ መሆኑን፣ ሊነግረኝ የመጣውን ሰው ሳልሰማ መመለሴን ነገርኳቸው። ግድግዳውን አፍርሰን በራሳችን ብሎኬትና በራሳችን ጉልበት እንደምንሠራው፣ ከዚያ በኋላ ሥራ ይኑረን አይኑረን እንደማላውቅ አልደበቅኋቸውም። አያ ሐጎስ ተነሥቶ «የመጀመሪያውን መዶሻ ለእኔ ተዉልኝ» አለ። ትርሓስን ያን ጠዋት ሻይ ቤት ወሰድኳት። ሁለት ብርጭቆ ጠጣች፤ «አንዱ የጋሽ ሰይድ ውዝፍ ነው» ብላ።

መምህር ካሕሳይ ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «ማን ከሰሰዎት?» አሉኝ። «ማንም» አልኳቸው። «ታዲያ ምን አስቸኮለዎት?» «ጣሪያው» አልኩ። «ለወላጁ ምን ልበለው? ዳኛዋ አታለለችን ልበል?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ፣ እንደዚያ ይበሉ። ነገ ጠዋት ልታፈርሰው ትመጣለች ብለው ይጨምሩበት» አልኳቸው።

ሰይድ፣ ያን ቀን ብታየው እንዴት ደስ ባለህ። አያ ሐጎስ ሸሚዙን አውልቆ የመጀመሪያውን ምት ሲመታ የመንገዱ ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር። አንድ ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ጉድ እኮ ነው፤ ብሎኬት ሻጭ ብሎኬቱን ሲሰብር አየን፤ ነገ ዳቦ ጋጋሪው ዳቦውን ሊረግጥ ነው» ብሎ ጮኸ። አያ ሐጎስ መዶሻውን ሳያወርድ «ያልበሰለ ዳቦ በልተህ ሆድህን ሲቆርጥህ እኔን ትፈልገኛለህ» አለው። ሕዝቡ ሳቀ። ከገባንበት ጭንቀት የወጣነው በዚያ ሳቅ ይመስለኛል። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ማንም ሳይጠራቸው የአገርህ ልጆች፣ ከወሎ መጥተው በየግንባታው በቀን ሥራ የሚያድሩት፣ አካፋቸውን ይዘው ደረሱ። ምሳ ላብላችሁ ስላቸው «ብሉ ካሉንማ እንበላለን፤ ለሥራው ግን ክፍያ አንቀበልም፤ የሰይድ ግድግዳ ነው» አሉኝ። አፈረስነው፣ ፍርስራሹን ጠረግን፣ መሬቱን ለአዲሱ ግድግዳ ንጹሕ አድርገን አዘጋጀን።

አዲሱ ብሎኬት ሰባት ቀን ጠጣ፤ ሰባት ቀን አረፈ። ግድግዳውንም እንዳልነው በራሳችን ጉልበት መልሰን አቆምነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጠመኔው የሚገኘው በትርሓስ እጅ ነው፤ ቀን የሚጽፈው ያጠጣው ሰው ይሁን ብዬ ወሰንኩ። አያ ሐጎስ «ዛሬ ገና አለቃ አገኘሁ» ይላል፤ እሷም ትኮራበታለች። ክፍሎቹ ካሰብነው ዘግይተው ተከፈቱ፤ ቀጠሮዬን አጠፍሁ። አንዳንድ ወላጆች አጉረመረሙብኝ፤ መብታቸው ነበር። ደንበኞች ከዱን፤ ማሽኑ ከመቆም ያልተሻለ ሥራ የሚሠራባቸው ሳምንታት አሳለፍን። አንተ ግቢውን ስትጠርግ የኖርክበትን ምክንያት በእነዚያ ሳምንታት ከነሙሉ ክብደቱ ተማርኩ። እኔም መጥረጊያ ያዝኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስነግርህ ድምፄ ከፍ ቢል ይቅር በለኝ። መጀመሪያ የመጣው በዓይናለም አቅጣጫ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ተቋራጭ ነው፤ «የራሷን ግድግዳ ያፈረሰችው ሴት የት ናት?» ብሎ ጠይቆ። ሌላው ተከተለው። ዛሬ ማሽኖቻችን ሁለት ናቸው፤ ሠራተኞቻችንም በዝተዋል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። በሰሜን በኩል ዛሬ ብሎኬት የሚገዛ ሰው ከማንም ሲገዛ ሳይጥል አይገዛም። ከመንገዱ ማዶ ያለው ተፎካካሪያችን፣ በአንተ ልማድ ሲስቅ የኖረው፣ ለደንበኞቹ የሚጥሉበት ሲሚንቶ የለበሰ መደብ ሠርቷል። አንድ ሰው በአንድ ግቢ የያዘው ልማድ የከተማ ልማድ ሲሆን አየሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ መምህር ካሕሳይ ከነኮሚቴያቸው መጡ፤ ትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ሕንፃ ሊሠራ ነው። «ዘንድሮ ግን እንጥላለን» አሉኝ እየሳቁ። ጣሉ። አልተሰበረም። ያሳዘንናቸው ሰዎች ተመልሰው በራችንን ሲያንኳኩ እንደማየት ያለ ድል አላውቅም።

የንግድ ማኅበራችን በዚህ ዓመት ሊቀ መንበርነቱን ለእኔ ሰጥቷል። በሚመጣው ቅዳሜ በአዳራሹ ሥራ ለሚጀምሩ ወጣቶች ንግድ በምን እንደሚጸና እንድናገር ተጠይቄአለሁ። ስለ ሐቀኝነት ልነግራቸው አስቤአለሁ፤ ሐቅን ግን የማውቀው ገና አሁን መሰለኝ። በዳኝነት ወንበር ሳለሁ ሐቅ ተጠይቆ የሚሰጥ መልስ ነበር። አመራርም ለእኔ ሰው ቆሞ የሚሰማው ቃል ነበር፤ ለአንተ ደግሞ ሰው ተቀምጦ የሚነግርህ ቃል ነው። መልካም አመለካከት የሚሉትንም፣ ሥራ በሌለበት ቀን መጥረጊያ ማንሣት ነው ከማለት በቀር ሌላ ትርጓሜ የለኝም።

ነገር ግን ወደ አዳራሹ ከመግባቴ በፊት ለአንተ የምናገረው አንድ ነገር ቀርቶኛል። በዳኝነት ዘመኔ በስብሰባ፣ በግብዣ፣ ባልደረቦቼ «ባለቤትሽ ምን ይሠራሉ?» ሲሉኝ «በንግድ ሥራ ላይ ናቸው» እል ነበር። ብሎኬት ይሠራል ብዬ አላውቅም። አንተ አጠገቤ ቆመህ ሲሚንቶ የበላቸውን እጆችህን ኪስህ ውስጥ ከትተህ ትሰማኝ ነበር። አንድም ቀን አላረምከኝም፤ አንድም ቀን አልወቀስከኝም። ይህን ጥፋቴን የሚያውቅ ከእኔና ከአንተ በቀር ማንም የለም፤ አንተም ሄደሃል። ዝም ብል የሚከሰኝ የለም።

ቅዳሜ ንግግሬን የምከፍተው በዚህ ነው፦ ባሌ ሰይድ ብሎኬት ሠሪ ነበር። ከዚያም በኋላ፣ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ በተቀመጥኩበት ሁሉ እንዲህ ብዬ እጠራሃለሁ። ሐያት ልጆች ስትወልድ ለልጆቿ እነግራቸዋለሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ እናገራለሁ።

ለተብርሃን፣ የብሎኬት ሠሪው የሰይድ ሚስት
መቐለ